የብቅል ወለል ብዬ የጻፍኩበት ቤት

ሩዋይስ በሚባል ሰፈር፣ በቀትር፣ የአንድ አሮጌ ቤት በር ሳንኳኳ የብቅል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የማወራላችሁ ስለ ጅዳ ነው፤ የጠላን ስም እንኳ አበሻው ግራ ቀኙን አይቶ ስለሚያነሳበት ከተማ። የያዝኩት ሜትር ከእጄ ወደቀ። ሜትር መጣል ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያን ቀን ግን ምክንያት ነበረኝ።

ሽታውን በምን አወቅከው የሚለኝ ካለ፣ ታሪኩ ከቼኮዝሎቫኪያ ይጀምራል። በወጣትነቴ ለትምህርት እዚያ ተልኬ ለመመረቂያ የደረሰኝ ሥራ አንድ ጥንታዊ የገጠር ብቅል ቤት ለክቶ በወረቀት ማስፈር ነበር። ጓደኞቼ ድልድይና ግድብ ሲደርሳቸው ለእኔ ብቅል ቤት። ለአባቴ ስጽፍ «የእህል ጎተራ ነው» አልኩት፤ ልጁን ጠላ ጠመቃ እንዲማር ባሕር አሻግሮ የላከ እንዳይመስለው ብዬ።

ቤቱ ግን ቤት ነበር። ምድር ቤቱ ረጅም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ሁለት ክንድ የሚወፍር፣ መስኮቶቹ ድመት የምታልፍባቸውን ያህል ብቻ። የራሰ ገብስ እዚያ ወለል ላይ ስንዝር በማይሞላ ውፍረት ይነጠፋል። ጥላውና ቅዝቃዜው ገብሱን ያታልለዋል፤ አፈር ውስጥ የገባ፣ ዝናብም የመጣለት መስሎት ሥር ያወጣል። ሥሩ እርስ በርሱ እንዳይተበተብ ሰዎች በእንጨት ላይዳ ይገለብጡታል። ከጎን ደግሞ ሁለት ማማዎች ቆመዋል። ከታች እሳት አለ፣ ከላይ ክፍተት ያለው የእንጨት ርብራብ፤ ርብራቡ ላይ ሆፕ የሚሉት የፈረንጅ ጌሾ ይሰጣል። ሙቁ አየር በርብራቡ ሾልኮ ጌሾውን እያደረቀ በማማው ጫፍ ይወጣል። ጫፉ ላይ ያለው ቆብ ነፋሱ በመጣ ቁጥር ዞሮ ጀርባውን ይሰጠዋል። አንድ በጋ ሙሉ ያንን ቆብ ሲዞር እያየሁ አንገቴ ተጣሞ ነበር የተመለስኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቤት ያልነገርኩት ሰው የለም። ሰው ቤት ተጋብዘን ስንሄድ ባለቤቴ በር ላይ ቆም ትልና፣ «እባክህ ዛሬ እንኳ ብቅል ቤቱን ተወው» ትለኝ ነበር። አልተወውም።

ጅዳ የሄድኩት በአንድ የመሐንዲሶች ቢሮ ተቀጥሬ ነው። የሀገሬ ሴቶች በቤት ሠራተኝነት አውሮፕላን ሞልተው የሚመጡበት ጊዜ ነበር፤ ሸረፊያ ገበያ መሐል ቆሞ አማርኛ ላለመስማት ጆሮን መድፈን ያስፈልግ ነበር። የእኔ ሥራ አሮጌ ቤት መለካት ነው። ባለቤቱ ላፍርስ ሲል እሄዳለሁ፣ እለካለሁ፣ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደሚያገለግል እጽፋለሁ። ይፍረስ ወይስ ይጠገን የሚለውን ሌላ ሰው ይወስናል። ሌላ ሰው መወሰኑ በጣም ይመቸኝ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ቀትር በሩን የከፈተችልኝ አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት የወሎ ሴት ናት። ወለሉ ላይ የወደቀውን ሜትር አየች።

«እርስዎ ነዎት የሚለኩት? ሜትርዎን ያንሱና ይግቡ ጋሼ። አብሽሩ፣ ቤቱ አይናከስም።»

ገባሁ። ገብቼም ቆምኩ። ምድር ቤቱ ረጅምና ጨለም ያለ ነው፤ ግድግዳው ከባሕር ተቆርጦ በወጣ ኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ በየክንዱ አግዳሚ እንጨት የገባበት። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው። ውጭ ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል፣ ውስጥ ግን እንደ ምንጭ ዳር ይቀዘቅዛል። ወለሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ስንዝር በማይሞላ ውፍረት የራሰ ገብስ ተነጥፏል። ነጭ ነጭ ሥር አውጥቷል። ጥግ ላይ የእንጨት ላይዳ ተደግፎ ቆሟል።

አፌ ተከፍቶ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሳሰለችበት የኖርኩት ቤት ተከትሎኝ ጅዳ መጥቷል።

«ገብሱን እንዳይረግጡ እንጂ እንደፈለጉ ይለኩ» አለችኝ፣ ደንግጬ ሳይሆን አድንቄ የቆምኩ መስሏት።

ይህቺ ሴት አታፍርም፣ አትፈራም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ደረጃውን ወጣሁ። በሁለቱ ፎቆች ላይ ሮሻን የሚሉት፣ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ባለ ፍርግርግ የእንጨት መስኮት አለ፤ ዓርብ ዓርብ ማዳሞቻቸው ፈቃድ የሚሰጧቸው የሀገሬ የቤት ሠራተኛ ልጆች የሚያርፉባቸው ፍራሾች ተደርድረዋል። ሰገነቱ ላይ ግን ማማ የመሰለ ክፍል ቆሟል። ወለሉ ርብራብ ነው። በርብራቡ ክፍተት ሙቅ አየር ወደ ላይ ይነፍሳል። ርብራቡ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቅጠል ተሰጥቷል።

ከዚያ በላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ወይም ያልጠየቅኩት ስለፈራሁ ነው፤ ሁለቱን እስከ ዛሬ መለየት አቅቶኛል። ጠላ ቤት ውስጥ ቆሜያለሁ፣ ፖሊስ ቢመጣ ሜትር ይዤ ነው የምገኘው። ፈጥኜ ለካሁ፣ ፈጥኜም ወጣሁ። እጄ ግን በልምዷ የክፍሎቹን ስም በረቂቁ ላይ በአማርኛ ጽፋለች። ታች «የብቅል ወለል»፣ ላይ «የማድረቂያ ማማ»፣ ከርብራቡ ላይ ደግሞ በቀስት «ጌሾ»።

ቢሮ ገብቼ የመጨረሻውን ሥዕል ስሠራ አእምሮዬ ተመለሰ። በዓረብኛው ላይ ታችኛውን «መጋዘን»፣ ላይኛውን «የሰገነት ክፍል» አልኩት። አንዲት ያገሬን ሴት ያተረፍኩ መስሎኝ ሻዬን በኩራት ጠጣሁ። ረቂቁን ከማኅደሩ ሥር ወሸቅኩት። አማርኛ ነው፤ ማን ያነበዋል?

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ።

«ጋሼ፣ የሩዋይሷ ነኝ። ምንድነው የጻፉብኝ?»

«ምንም አልጻፍኩም።»

«ጌሾ ብለው አልጻፉም?»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ተቀምጬ ነበር፤ እንደገና ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ የአንዲት የመካ አሮጊት ነው። የሩዋይሷ ሴት አሥራ አንድ ዓመት እሷን አስታማለች፤ በሕግ ከፊሏ፣ ማለትም ዋስ አሠሪዋም፣ እሷው ናት። አሮጊቷ እግሯ ሲደክም መካ ሴት ልጇ ዘንድ ገብታ፣ ቤቱን እንድትጠብቅላት ለሷ ትታላታለች። ላፍርስ ያለው የአሮጊቷ የወንድም ልጅ ነው። ይሄ ሰው ቢሮ መጥቶ ማኅደሩን ጠየቀ፤ ጸሐፊያችንም ከነረቂቁ አስረከበው። ቤቱ ወስዶ ሚስቱ ፊት ሲዘረጋው የማያውቀው ፊደል አየ። ለካ ማዕድ ቤቱ ውስጥ የደሴ ልጅ አለች። ማዳሟ ጠራቻትና «አንብቢ» አለቻት። ልጅቷ አነበበች። ጌሾ ምንድነው ሲሏት፣ እውነተኛ ልጅ ናትና፣ ክርስቲያኖች ጠላ የሚጠምቁበት ቅጠል ነው አለች። ባልና ሚስቱ በዚህ ሴትዮዋን ሊያስባርሯት ሲመካከሩ ስትሰማ ሽንት ቤት ገብታ እያለቀሰች ለሩዋይሷ ሴት ደወለች።

በዚያን ጊዜ ጅዳ ውስጥ አማርኛ የሚነበብበት ማዕድ ቤት እንደ አሸዋ ነበር። ይህንን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ ሸረፊያ ላይ ጆሮዬን ስደፍን የኖርኩት እኔ ነበርኩ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሩዋይስ ሄድኩ። ሴትዮዋ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ዓርብ ያ የወንድሟ ልጅ ማዳሜ ዘንድ ወረቀት ይዞ ይሄዳል» አለችኝ። «እሷ ከፈረመች ኸላስ፣ አበቃልኝ። ኢቃማዬ ተሰርዞ ከሀገር እባረራለሁ፣ ቤቱም ይፈርሳል። እነዚህ ልጆችም ዓርብ ዓርብ ጎናቸውን የሚያሳርፉበት የላቸውም።»

«ደውለሽ አትነግሪያትም?»

«ደወልኩ። ልጇ ናት ያነሳችው። መሐንዲስ ነው የጻፈው አለችኝ። እኔ ማን ነኝና? ገብሱንማ ማዳሜ ታውቀዋለች፤ ሶብያ ነው።»

ሶብያ የመካና የጅዳ ሰዎች የረመዳን መጠጥ ነው፤ ከገብስ ይሠራል፣ በሄልና በቀረፋ ይጣፍጣል፣ በፆም መፍቻ ላይ ቀዝቅዞ ይቀርባል። ብዙ ጊዜ ጠጥቼዋለሁ። የአሮጊቷ ቤተሰብ ገብሱን አብቅሎ ነው የሚሠራው። ረመዳን ሊገባ ሲል የሩዋይሷ ሴት አብቅላ፣ አድርቃ፣ አስፈጭታ ዱቄቱን መካ ትልክላታለች።

«ታዲያ ገብሱን ካወቀችው ምን ቀረ?» አልኳት።

«ጌሾው ነዋ። ሶብያ ጌሾ የለውም። ሶብያውን ሽፋን አድርጋ ነው የምትጠምቀው ብሏታል።»

ሰገነቱ ላይ ይዛኝ ወጣች። ከርብራቡ ላይ አንድ ዕፍኝ ቅጠል ዘግና መዳፌ ላይ አደረገችልኝ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ጌሾ» አልኩ።

«ጋሼ፣ ጌሾ በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?»

ሳስበው በሕይወቴ ጌሾን በቅጠልነቱ አይቼ አላውቅም። «እኔ የማውቀው በብርጭቆ ነው» አልኳት።

የደረሰባት ሁሉ እያለ ሳቀች። «ወላሂ እርስዎን መርገም አልቻልኩም። ሂና ነው ይኼ። የማዳሜ የእጇ ሂና። በፀሐይ ከደረቀ ቀለሙን ያጣል ስለምትል እዚህ ጥላው ላይ ነው የማደርቀው።»

ቅጠሉን ወቅጣ በውሃ ለወሰችና መዳፌ ላይ ደፍታ በጨርቅ አሰረችልኝ። «ቁጭ ይበሉ። እጅዎ ይወቀው፤ ዓይንዎ አልሆነም።»

አንድ ሰዓት ያህል እጄን ታስሬ ሰገነት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። የጎረቤቱ ዳቦ ቤት የጭስ መንገድ በዚህ ቤት ግድግዳ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ጭሱ አይገባም፣ ሙቀቱ ግን ከርብራቡ ሥር ያለውን አየር ያሞቀዋል። ሙቁ አየር ይወጣል፣ ፍርግርጉ ደግሞ የባሕሩን ነፋስ ይስባል። እሳቱን ለጎረቤት ሰጥቶ ሙቀቱን ለራሱ ያስቀረ ሰው ነው የሠራው።

«ማነው ይህን ቤት ያሠራው?» አልኳት።

«የማዳሜ አባት። የገብስ ነጋዴ ነበር። ለመካ ሶብያ ሻጮች ብቅል የሚያቀርብ እሱ ነው ትለኛለች።»

ዳግመኛ ደነገጥኩ፤ ይሄኛው ግን ሌላ ዓይነት ድንጋጤ ነው። ከቼክ ገጠር ተራራ የሚያህል ቤት ለክቼ ስመለስ በዓለም ላይ ያንን ዘዴ የሚያውቁ እዚያ ያሉት ብቻ መስለውኝ ነበር። ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ መጽሐፍ ሳያገላብጥ፣ ቅዝቃዜውን ታች ሙቀቱን ላይ ያኖረ ነጋዴ ነበር። የብቅል ወለል ብዬ መጻፌ ስህተት አልነበረም። ያጠፋሁት ሳልጠይቅ መጻፌ ነው፤ አንዲቱን ቅጠል ደግሞ ጭራሽ ከራሴ አምጥቼ ጨምሬያለሁ።

ጨርቁ ሲፈታ መዳፌ ብርቱካን መስሏል። ያ ቀለም ከሦስት ሳምንት በላይ አልለቀቀኝም። ቢሮ ውስጥ አንዱ ግብፃዊ «ሙሽራዋ ማናት?» እያለ አሽሟጠጠኝ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ በሩዋይሷ ሴት ወንድም ታክሲ ወደ መካ ተነሳን። ወንድሟ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ፣ እሷ ከኋላ። አዲስ ሥዕል ሠርቼ በዓረብኛ ደብዳቤ አያይዣለሁ፤ ቅጠሉ ሂና መሆኑን፣ ጌሾ ያልኩት ባለማወቅ መሆኑን፣ ቤቱ ሊጠገን እንጂ ሊፈርስ የማይገባው መሆኑን ጽፌ ፈርሜያለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ይወሰን ብዬ ወገን የያዝኩበት የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ይዤው መግባት ግን አልችልም። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ቡኒ ነው፤ አረንጓዴ የያዘ ሙስሊም ብቻ ነው የመካን ኬላ የሚያልፈው። ያጠፋሁት እኔ፣ የምታስረዳው እሷ።

ከኬላው ወዲህ አንድ ሻይ ቤት ዘንድ ቆመን ሥዕሉን በመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋሁላት።

«ይኼ ቤቱ ከላይ ሲታይ ነው።»

«ከላይ ማን ያየዋል?»

«ማንም። እንዲያው ነው።»

«አላህ ያያል» አለ ወንድሟ ከመኪናው ውስጥ።

«ጣሪያው የት ሄደ?» አለች ሴትዮዋ።

«ውስጡ እንዲታይ አነሳሁት።»

«ጣሪያውን አንስተው ነው አይፍረስ የሚሉት?» አለችና ጎንበስ ብላ አየች። ጣቷን በሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ገብሱን ዞራ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ በሮሻኑ አልፋ ማማው ላይ ደረሰች። አንድም ጊዜ ግድግዳ ውስጥ አልገባችም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ወር የፈጀብኝን በአንድ የሻይ ብርጭቆ ጨረሰችው። የሂና ቅጠል በፌስታል ይዛ፣ ሥዕሉን ጠቅልላ፣ «ያላ» አለችው ወንድሟን።

ሄዱ። እኔ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለሙስሊም ብቻ፣ ሌላው ለተቀረው ሰው። አራት ሻይ ጠጣሁ። ባለ ሻይ ቤቱ የመናዊ ነው፤ መዳፌን አይቶ የተሞሸርኩ መስሎት «መብሩክ» አለኝ። አመሰገንኩት። ምን ልበለው?

በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። የአሮጊቷ ፊርማ፣ የሴትዮዋ ኢቃማ፣ የእነዚያ ልጆች ፍራሽ፣ ሁሉም እኔ በአንድ ደቂቃ ከጻፍኳት ሁለት ፊደል ሥር ተደፍቶ ታየኝ። አሮጊቷ ብትፈርም ምን ብዬ የሴትዮዋን ፊት አያለሁ? ስለ ቼኩ ቤት ልነግራት?

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ታክሲው ተመለሰ። ሴትዮዋ ወርዳ ወደ እኔ መጣች። ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ማንበብ ላይ እንዴት እንደሆንኩ አይታችኋል።

«ቅጠሉን አሸተተችው» አለችኝ። «ከዚያ እጇን አሳየችኝ። የኔን ሂና ነው ጌሾ ያለው አለች። ጥርስ የላትም፣ ግን ሳቀች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሥዕሉን ጭኗ ላይ ዘረጋሁላት። ጣሪያው እንደተነሳ ነገርኳት። ጣቷን ታች አሳርፋ አባባ እዚህ ነበር የሚቀመጠው አለች። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።»

«ወረቀቱስ? ልትፈርም ነው?»

«ቆይ ጋሼ። የወንድሟን ልጅ በስልክ ጠራችው። እኔ እያለሁ ነው የነገረችው። በሕይወት እስካለሁ ድንጋዩን እንዳትነካ አለችው። ወረቀቱንም እንዳታመጣ አለችው።»

አንድ ጠርሙስ ሶብያ ከፌስታሉ አወጣች፤ አሮጊቷ ለመሐንዲሱ ብላ የላከችው ነው። ቀዝቃዛ ነው። ጠጣሁ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

ምን ምን እንደሚል ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። በዚያ ሳምንት የተማርኩት ያንኑ ያህል ነው።

«አንድ ነገር ግን አለች» አለችኝ መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ። «ማማው ላይ ሁለት መስኮት ነው የሣለው አለች። ሦስት ነው። አንደኛውን የማዳሜ ወንድም ነው ያስደፈነው። ሥዕሉን አስተካክሎ ይላክልኝ ብላለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ሩዋይስ ተመልሼ ሄድኩ። ማማው ላይ ወጥቼ ልስኑን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልኩ መታሁት። በባሕሩ በኩል ባዶ ድምፅ ሰጠ። አሮጊቷ መካ ተቀምጣ በጣቷ ያገኘችውን እኔ ሁለት ጊዜ ለክቼ አልፌዋለሁ። ገብሱ ታች ሥሩን ጨርሶ አሁን ርብራቡ ላይ ወጥቷል፤ ሂናው ወደ ጥግ ተሰብስቧል። ሴትዮዋ ገብሱን በላይዳ እየገለበጠች ነው።

የአዲሱን ሥዕል ረቂቅ አወጣሁ። ሦስተኛውን መስኮት አስገባሁ። ጥግ ላይ ረጅም እጀታ ያለው ነገር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ይኼስ ምንድነው?» አልኳት፣ እርሳሴን ከወረቀቱ አርቄ።

«መጥረጊያ ነው ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወላሂ መጥረጊያ ነው።»

ጻፍኩት።